ክፍሉ ምን አለ?

ኅዳር ነው፤ ጌንት ላይ ሰማዩ አልጠራም፣
ከትናንት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም።
ዮሪስ ከበሮውን በአራት ዙር አመጣ፣
ቆዳው እንዳይረጥብ ካፖርቱን አልብሶት፣ እሱ ዝናብ ጠጣ።
እኔ ሁለት ማይክ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣
እጀታው የላላ የተዋስኩት መቅጃ ይዤ ስንገዳገድ።

ቤቱ የአክስቱ ነው፤ ተሽጧል፤ ዕቃው ወጥቷል፤
ቁልፉን እስክታስረክብ ዐሥር ቀን ቀርቷል።
«ባዶ ቤት ያወራል፣ ሳይለምድ ዝምታ፤»
ብሎ ነው የጠራኝ፣ ደውሎ በማታ።

መጀመሪያ የገባነው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፤
ነጭ ሸክላ ብቻ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የሚያዳልጥ።
ስኔሩን አንድ ጊዜ ቢመታው ተሰበረ፤
እንደ ወደቀ ብርጭቆ ስብርባሪው ዞረ፣
ከመስታወት ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧ ወደ ጥርሴ።
«ይጮኻል» አልኩት። «ይሳደባል» አለኝ።
ሳልከራከር ማይኩን ነቀልኩት፣ እያጉረመረምኩ ለራሴ።

መኝታ ቤት ሄድን። ምንጣፉ አልተነሣም፣
መጋረጃው ወፍራም፣ ቁም ሣጥኑ ሙሉ የሟች ባሏ ሱፍ።
ዮሪስ መታ። ደገመ። ላቡ ጠብ እስኪል።
ድምፁ ከቆዳው ሳይነሣ ቀረ፣
ጥጥ ውስጥ እንደ ተነገረ ሐሜት።
ንጹሕ ነው፤ አልዋሽም። ምቱ ሁሉ ለብቻው ተለቅሞ ይሰማል፤
ግን ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲበላ ያየሁ ይመስለኛል።

ምድር ቤት ወረድን፣ ጣሪያው ከራስ በላይ አንድ ስንዝር፣
ጡቡ ላብ ያላበው፣ የከረመ ድንች ሽታው የማይሽር።
ትልቁን ከበሮ በእግሩ ሲረግጠው ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ፣
የማላውቀው እንግዳ ከውስጥ በኩል ሆኖ በሩን ያንኳኳብኝ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ በጉልበቴ ዳኽኩ፤
ማይኩን ክንድ ባርቀው ሌላ ከበሮ ነው፣ ስንዝር ባስጠጋው ሌላ፤
አገኘሁት ስል አጣሁት፤ ታከትኩ።
አንድ ደኅና ምት ልንይዝ ስንል
የውሃ ማሞቂያው ማንኮራፋት ጀመረ፤
ዮሪስ በትሩን ጥሎ በፍላሚሽ ተማረረ።

ያኔ ጎዴሊፍ መጣች፣ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ።
የጆሮዋን መሣሪያ አጥፍታ ኪሷ ከታዋለች፤
«ለዚህ ዝናብ አይረባም» ትላለች።
ደረጃው ሥር ቆማ መዳፏን መደገፊያው እንጨት ላይ ጣለች፣
ሽቅብ አየችና፣ «አባቴ» አለች፤
«ቦት ጫማውን እዚች ጋ ሲያራግፍ፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሰክሮ ይሁን ደልቶት እናውቅ ነበር፣ ፊቱን ሳናይ።»

ከበሮውን እዚያው ተከልነው፣ ጫማ የሚራገፍበት ድንጋይ ላይ።
ማይኩን በገመድ ሰቀልኩት፣
ልጆች ጆሯቸውን በደገኑበት በር በላይ።
ዮሪስ አንዴ መታና እጁን አነሣ።
መጀመሪያ ከበሮው።
ቀጥሎ ቤቱ፣
አንድ ሰከንድ ተኩል ዘግይቶ፣ እርከን እርከኑን እየቆጠረ፣
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ
መለሰ።
«ከበሮ በሰው እጅ ያምር» ይባላል፤
ለካ በሰው ቤትም ያምራል።

አራት ደቂቃ ቀዳን። ሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ይሰማል፤
ቀለበት ነው። ጎዴሊፍ ናት፣ እንጨቱን ስትመታ፣
የማትሰማውን ምት በመዳፏ ይዛ፣
ከዮሪስ ትንሽ ቀደም እያለች።
«ቁረጠው» አለኝ።
«እሺ» አልኩት።
አልቆረጥኩትም።

ደረጃው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል አሉ ዘንድሮ።
እኔ ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ ስከፍተው፣
የኔ ግድግዳ የዚያን ቤት መልስ
ሊደግም ይሞክራል፤ ገና አልተካነም።
መስኮቱን እዘጋለሁ።
ከመጀመሪያው።